የሙከራው ኮሌታ

ጋሼ ሜትር ለሦስተኛ ጊዜ «አይቆረጥ» ያሉ ዕለት ወንድሜ የቢሮውን በር በእግሩ ገፍቶ ዘጋውና ሁለታችንን አፋጠጠን። ጠረጴዛው ላይ የእኔ ወረቀት ነበር፤ የዘጠኝ ቀን ምርመራ በአራት ገጽ። ከወረቀቱ አጠገብ ደግሞ የእሳቸው መልስ ተቀምጧል፤ በላብ የረጠበ አንድ ሰማያዊ ኮሌታ።

«እሷ ይቆረጥ ትላለች፤ እርስዎ አይቆረጥ ይላሉ» አለ ወንድሜ። «ትምህርት ቤት ሊከፈት ስድስት ሳምንት ነው የቀረው። ሁለት ዓይነት ጨርቅ መልሰናል። ይኼንንም ከመለስን ልጆቹን ምን ላልብሳቸው ነው፣ ጋዜጣ?»

«ጋዜጣ አያሳክክም» አሉ ጋሼ ሜትር።

«የእኔም ጨርቅ አያሳክክም» አልኩ። «ገጽ ሦስትን ያንብቡት።»

«መነጽሬን ረስቼዋለሁ።»

መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ነበር።

ጋሼ ሜትር የሟች አክስቴ ባል ናቸው። በአባቴ ስፌት ቤት መቀስ ይዘው ሠላሳ አንድ ዓመት ቆመዋል፤ ወንድሜንም ሥራውን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ሜትሩ ከአንገታቸው ስለማይወርድ ስማቸው እዚያው ላይ ቀረ። እኔ በበኩሌ ስለ ጨርቅ ሰባት ዓመት ሩቅ አገር ተምሬ የተመለስኩ ነኝ። ወንድሜ ነይ ባይለኝ ኖሮ እመለስ ነበር ወይ ብዬ እስካሁን ራሴን እጠይቃለሁ። የጠራኝ ባለፈው ዓመት በደረሰበት ነገር ነው። ጋሼ ሜትር «ይቆረጥ» ያሉት ጨርቅ ሸሚዝ ሆኖ የዘጠኝ መቶ ልጅ አንገት አቀላ። ወላጆች ልጆቻቸውን እየጎተቱ መጡ። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርም ሁለተኛ እንዲህ ከሆነ ሌላ ሰፊ እንደምትፈልግ፣ ከእንግዲህም የተፈረመ የምርመራ ወረቀት ሳታይ አንድም ሸሚዝ እንደማትቀበል ተናግራ ሄደች።

ከመምጣቴ በፊት ምርመራው አንድ ብቻ ነበር። አዲስ ጣቃ ሲመጣ ጋሼ ሜትር ከጫፉ ቆርጠው ኮሌታ ይሰፉና ራቁት አንገታቸው ላይ አስረው ከጠዋት እስከ ማታ ካውያው አጠገብ ሲሠሩ ይውላሉ። ያን ቀን ስለ ጨርቁ ማንም አንዳች አይተነፍስም። ማታ ይፈቱታል፤ ወይ «ይቆረጥ» ወይ «አይቆረጥ» ይላሉ። ሌላ ቃል የለም። የስፌት ቤቱ ሰው ሁሉ በዚያ ቃል ያድራል።

«ርዕሰ መምህሯ ነገ ወዲያ ከሰዓት ትመጣለች» አለ ወንድሜ። «ወረቀቱ ላይ አንድ ሰው ነው የሚፈርመው። የሚፈርመው ሰው በጨርቁ ያዛል፤ ያልፈረመው ከቆራጩ ጠረጴዛ ይራቅ። እሳትና ጭድ አንድ ቤት አላስቀምጥም።»

ከቢሮው ስንወጣ ጋሼ ሜትር መንገዱን ዘጉብኝ።

«አንቺ ልጅ፣ መሣሪያሽ አንገት አለው?»

«የእርስዎስ አንገት ባለፈው ዓመት የት ነበር?»

ጠብቄ ነበር፣ ይሰድቡኛል ብዬ። አልሰደቡኝም። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ብለው አሳለፉኝ፤ እኔም እንዳሸነፈ ሰው አለፍኩ።

ክፍሌ ከካውያው ክፍል ቀጥሎ ነው። ጨርቅን በጨርቅ እያሸ ዙሩን የሚቆጥር መሣሪያ፣ አየር የሚያሳልፍበትን መጠን የሚለካ ሌላ መሣሪያ፣ አንድ ትንሽ ማጠቢያ፣ ጥቂት ብልቃጦች። ሴቶቹ የመጀመሪያውን መሣሪያ «ወፍጮዋ» ይሉታል፤ እኔን ደግሞ «ላብራቶሪ»። ፊቴ ላይም ይሉኛል። ልብስ የምትተኩሰው ሴት፣ ተኳሿ የምንላት፣ ከማንም በላይ ትጠምደኛለች። በካውያዋ ማንንም አቃጥላ አታውቅም፤ በምላሷ ግን የሳተችው ሰው የለም። አንድ ቀን ቀለሙ ይለቅ እንደሆን ልፈትሽ ከብልቃጥ ሰው ሠራሽ ላብ ሳፈስ አየችኝ።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ላብ ነው። የተሠራ።»

«ላብ ጠፍቶ ነው በብልቃጥ የምትገዢው? እኛ ጋ ነይ፤ በባልዲ እንሰጥሻለን።»

ሌሎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ያን ጊዜ መሳቅ ነበረብኝ።

ከወንድሜ ቢሮ በወጣሁበት ዕለት፣ ምሳ ሰዓት ሲቃረብ፣ አንድ ነገር አየሁ። የካውያው የእንፋሎት ቱቦ መጋጠሚያው ላይ ላልቶ ነጭ ጭስ ቀጥታ ጋሼ ሜትር ማጅራት ላይ ይተፋል። እሳቸው ጎንበስ ብለው ጨርቅ ላይ በጠመኔ ያሰምራሉ። ተኳሿ «ጋሼ፣ እንፋሎቱ!» ብላ ስትጮህ ራቅ አሉ። የራቁት ግን ተቃጥለው አልነበረም፤ ተነግሯቸው ነው። የተቃጠለ ሰው እንዴት እንደሚዘል አውቃለሁ። እሳቸው «እሺ» ብለው ነው የተንቀሳቀሱት።

ከዚያ በኋላ ዓይኔን ከአንገታቸው ላይ ማንሳት አቃተኝ። የሠላሳ አንድ ዓመት እንፋሎት ያን ቆዳ እንደ ጫማ ሶል አድርቆታል፤ መሐሉ ላይ የቆየ የቃጠሎ ጠባሳ አለ፣ የሚያብረቀርቅ። ይህ አንገት ምን ይሰማዋል? ካልተሰማውስ በምን አንደበቱ ነው የእኔን ዘጠኝ ቀን «አይቆረጥ» የሚለው?

ሴቶቹ ሁሉ ባሉበት ጠየቅኋቸው። «ጋሼ፣ ነገ አንድ ቀን ይድገሙት። ያው ጨርቅ። ኮሌታውን ግን እኔ እሰፋዋለሁ።»

«ለምን አንቺ?»

«የእርስዎ ስፌት ነው ያሳከከው እንዳይባል።»

ተኳሿ በአፏ «ጭ» አለች። ጋሼ ሜትር ግን ትከሻቸውን ሰበቁ። «ስፊ። ያንገት ነገር እንደሁ ከእኔ አይርቅም።»

ኮሌታውን ሰፋሁት። በእጥፋቱ ውስጥ፣ ማጅራት በሚያርፍበት በኩል፣ አንድ ስፒል አጋደምኩ። ጫፏ ወደ ውስጥ የሩዝ ፍሬ ግማሽ ያህል እንድትወጣ አደረግሁ። መለኪያ ትክክል መሆኑን ለማወቅ አስቀድመህ የምታውቀውን ነገር ስጠው፣ ብለው ነበር ያስተማሩኝ። ይኼም ያው ነው፣ ሌላ ስም የለውም አልኩ ለራሴ፤ ሌላ ስም እንዳለው እያወቅሁ።

በማግስቱ ጠዋት ጋሼ ሜትር ኮሌታውን ከእጄ ተቀብለው አሰሩት፤ ሜትሩን ከላዩ ጣል አደረጉና ሥራቸውን ጀመሩ። ከጠዋት እስከ ማታ አየኋቸው። ጎንበስ ቀና አሉ። ጣቃ ተሸከሙ። ከወንድሜ ጋር ስለ እጅጌ ርዝመት ተጨቃጨቁ። አንድ ጊዜ ኮሌታውን አስተካከሉት። ወዲያው ወደ መቀሳቸው ተመለሱ።

ማታ መብራት ሥር ቆመው ፈቱት። የስፌት መኪኖቹ ሁሉ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ወንድሜም በሩ ላይ ቆሟል።

«አይቆረጥ» አሉ። «አሳክኮኛል።»

«የት ጋ?» አልኩ።

«ዙሪያውን።»

«የወጋዎት ነገርስ?»

«ምን ይወጋኛል?»

ኮሌታውን ተቀብዬ እጥፋቱን ገለበጥኩት። ስፒሏን አውጥቼ በመዳፌ ለሁሉም አሳየሁ። ጨርቁ ላይ ደርቀው የጠቆሩ ሦስት የደም ነጥቦች ነበሩ።

ጋሼ ሜትር እጃቸውን ወደ ማጅራታቸው ሰደዱ። ጣታቸውን መልሰው አዩት፤ አሹት፤ ደግመው አዩት። የደነገጡት እኔ ባደረግሁት ነገር መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ያስደነገጣቸው አንገታቸው እንደማይሰማ ሰው ማወቁ ነው።

«ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው እዚያ ውስጥ ያለችው?» አለች ተኳሿ።

«ከጠዋት ጀምሮ።»

«አንቺ ነሽ ያስገባሻት?»

«ለምርመራ ነው።»

«ለምርመራ» አለች፤ ከአፏ ጠጠር እንደምታወጣ።

ወንድሜ ወደ መሐል ገባ። የሚናገረው ለጋሼ ሜትር ቢሆንም የሚያየው መሬት መሬቱን ነበር። «ጋሼ፣ እንግዲህ… ለጊዜው የሸሚዝ ቁልፍ የሚለይበት ጠረጴዛ ጋ ይቀመጡ። የቆራጩን ጠረጴዛ እሷ ትይዘዋለች።»

«ቁልፍ ልልቀም?»

«ለጊዜው ነው ያልኩት።»

«ለጊዜው» አሉ። መቀሳቸውን ይዘው ወደ ጥጉ ሄዱ። ሲያልፉኝ ኮሌታውን ከእጄ ይወስዱታል ብዬ ነበር፤ እንዳላዩት አለፉ።

ያን ማታ ተደስቼ ነበር። መደበቅ አያስፈልግም። እንደ አሸነፈ ሰው እራቴን በላሁ፤ እንደ ተሸነፈ ሰው እንቅልፍ አጣሁ።

ጠዋት ስገባ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ኮሌታ ተቀምጦ አገኘሁ። ያው ጨርቅ፣ አዲስ ስፌት። ተኳሿ ከጀርባዬ ቆማለች።

«ኮሌታ ያልዋለበት ጨርቅ እዚህ ቤት ተቆርጦ አያውቅም» አለች። «የጋሼ አንገት ሞቷል አልሽ፤ እሺ፣ ሞቷል። ያንቺው አዲስ ነው። እሰሪው።»

«እኔ በመሣሪያ መርምሬዋለሁ።»

«መሣሪያሽን ሰማነው። አሁን አንቺን እንስማ።»

ዘወር ስል አንድም መኪና አይሠራም። አሥራ አንዱም ሴት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ያዩኛል። ወንድሜን ጠራሁት። የተዘጉትን መኪኖች አየና አንገቱን ነቀነቀ።

«እሰሪውና ይሥሩልኝ። ምን ትሆኛለሽ? ያንቺው ጨርቅ ነው።»

አሰርኩት። ጨርቁን ከአንገቴ ጋር ከማገናኘቴ በፊት እጥፋቱን በጣቴ መዳበሴን አይተዋል፤ አንዷ «አይዞሽ፣ እኛ አንወጋም» አለች። ከዚያ ጋሼ ሜትር የሚቆሙበት ቦታ ላይ፣ ከካውያው አጠገብ አቆሙኝ። መቀስ አልሰጡኝም። ተኳሿ አዲሱን ጣቃ ከሌላ ትእዛዝ ሸሚዞች ጋር እያፈራረቀች ስትተኩስ፣ የተኮሰችውን እየተቀበልኩ ማጠፍ ነበር ሥራዬ።

የመጀመሪያው ሰዓት ምንም አልነበረም። ጨርቁ ለስላሳ ነው፣ ወረቀቴ እንዳለው። በሁለተኛው ሰዓት ካውያው አዲሱ ጣቃ ላይ ባረፈ ቁጥር ዓይኔን ቆጠቆጠኝ። የእንፋሎቱ ነው አልኩ። ከዚያ ማላብ ጀመርኩ፤ ከጆሮዬ ሥር አንድ ነጥብ ተነሳች። አሁን ብትታከክ ደስ የምትል ዓይነት ነጥብ። አላከክኋትም። ነጥቧ ወረደች፤ ሁለት ሆነች፤ ከዚያ ዙሪያዬን ያዘችኝ። ከምሳ በፊት አንገቴ ላይ ጉንዳን የፈሰሰ መሰለኝ። እጄን ሳነሳ መኪኖቹ ቀስ ይላሉ፤ ሳወርድ ይፈጥናሉ። ስለዚህ እጄን አላነሳም። ሸሚዝ አጥፋለሁ።

ከቁልፉ ጥግ ጋሼ ሜትር ይታዩኛል። ባለ ሁለት ቀዳዳውን ለብቻ፣ ባለ አራት ቀዳዳውን ለብቻ እየለዩ ነው። አንድም ጊዜ ቀና ብለው አላዩኝም።

መሣሪያዬ ይዋሻል? ዘጠኝ ቀን የሆነውን አንድ በአንድ አስታወስኩ። ማሸቱ ልክ ነው። አየሩም፣ ላቡም ልክ ነው። ያው ጨርቅ፣ ከያው ጣቃ። የተማርኩበት የምርመራ መጽሐፍ እንደሚያዘው ቁራጩን ሦስት ጊዜ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ከዚያ…

እጄ ሸሚዙ ላይ ቆመ። አንገቴ ላይ ያለው ኮሌታ አልታጠበም። ከጣቃው ተቆርጦ ቀጥታ ነው የተሰፋው። ጨርቁ እንዳይጨማደድ፣ እንዲያብረቀርቅም ፋብሪካው የሚቀባውን ነገር እኔ በትንሿ ማጠቢያዬ ሦስት ጊዜ አጥቤ አውጥቼ ነው የመረመርኩት። በተማርኩበት አገር አዲስ ልብስ ሳይታጠብ አይለበስም፤ መጽሐፉንም የጻፉት እነሱ ናቸው።

«እትዬ» አልኳት ተኳሿን፤ እትዬ ስላት የመጀመሪያዬ ነበር። «ለልጅሽ ዩኒፎርም ስትገዢ ከማልበስሽ በፊት ታጥቢዋለሽ?»

ካውያዋን አቆመች። «አዲስ ልብስ? አጥቤ? ልጄን የማን አሮጌ ነው የለበስሽው እንዲሏት?»

«አንድም ሰው አያጥብም?»

«የካውያው መስመር እንኳን እንዳይጠፋ ተጣጥፎ እንዳለ ነው የሚቀመጥ። የመጀመሪያ ቀን ልጅ እንደ ብር ኖት ነው የሚወጣ። ምን ሆነሽ ነው? አሳከከሽ?»

አንገቴን ብቻ አየችውና ካውያዋን አነሳች። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አልጨመረችም።

ርዕሰ መምህሯ ከሰዓት በኋላ መጣች። ደረቅ ሴት ናት፤ ሰላምታዋ ከአንገት በላይ ነው፤ ወንበር ስትሰጣት አቧራውን አይታ ነው የምትቀመጥ። ወንድሜ አራቱን ገጽ ፊቷ ዘረጋላት፤ ብዕሩን ደግሞ ለእኔ አቀበለኝ። ቢሮው በመስታወት የተከለለ ስለሆነ ሴቶቹ ሁሉ ያዩናል። ኮሌታውን አልፈታሁም፤ በላዩ ላይ ነጠላ ሻርፕ ጠምጥሜ ነበር የገባሁት።

«እህቴ ናት የምትፈርመው» አለ ወንድሜ። «ተምራ የመጣች ናት። እንደ ዱሮው በአንገት አይደለም።»

«ጥሩ» አለች ርዕሰ መምህሯ። «ዘንድሮ ወላጅ በሬ ላይ ማየት አልፈልግም።»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አልኩ። «ባለፈው ዓመት ልጆቹ ያሳከካቸው ለምን ያህል ጊዜ ነበር?»

«ሦስት ሳምንት ያህል። ከዚያ ለመዱት። ልጅ ምን የማይለምደው ነገር አለ?»

«አልለመዱትም» አልኩ። «ታጠበላቸው።»

ወንድሜ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ። ፊቱ ላይ ፈገግታ አለ፤ እግሩ ግን ይጫናል።

ያን ጊዜ መፈረም እችል ነበር። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው አንድም ውሸት የለውም፤ ለታጠበ ጨርቅ እውነት ነው። ከፈረምኩ ጠረጴዛው የእኔ ነው። ካልፈረምኩ ግን ያ ሽማግሌ ልክ ነበር፤ እኔ ደግሞ የአንድ ሽማግሌን አንገት በከንቱ የወጋሁ ሰው ነኝ።

«ወረቀት ብንለጥፍበትስ» አለ ወንድሜ፤ የገባው ይመስለኛል። «በእያንዳንዱ ሸሚዝ ላይ፣ ‘ከመልበስዎ በፊት ያጥቡ’ ብለን?»

«ከመልበስ በፊት ምን?» አለች ርዕሰ መምህሯ። «ለምን ይታጠባል? አዲስ አይደለም እንዴ?»

አዲስ ልብስ ማንም እንደማያጥብ የምፈልገው ምስክር እሷ ነበረች። ሻርፑን አወረድኩ። ኮሌታውን ፈታሁና ጠረጴዛው ላይ፣ አራቱ ገጽ ላይ አስቀመጥኩት። አንገቴን አላየሁትም፤ የእሷን ፊት ግን አየሁት።

«ይኼ ነው ጨርቁ?»

«ይኼ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ነው ያሰርኩት። ልጆቹ የሚለብሱት ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው።» ከዚያ በመስታወቱ ማዶ ያሉት እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። «አይቆረጥ። ሁሉም ጣቃ መጀመሪያ ይታጠባል፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ ይቆረጣል።»

«አርባ ጣቃ ነው!» አለ ወንድሜ። «ይሰበሰባል። ወዙ ይጠፋል። በስድስት ሳምንት አይደርስም።»

«ካልደረሰ ልጆቹ በአሮጌው ይጀምራሉ።»

ርዕሰ መምህሯ ተነሳች። «አሮጌ ለብሰው ሲጀምሩ ወላጅ የሚጠይቀው እኔን ነው። አሥር ቀን እሰጣችኋለሁ። በአሥራ አንደኛው ቀን የተሰፋ ሸሚዝ ካላየሁ ሌላ ሰፊ አለ።» ኮሌታውን በሁለት ጣቷ አነሳችው፤ መልሳ አስቀመጠችው፤ ጣቷን በመሐረብ ጠረገች።

ወንድሜ እስክትወጣ ጠበቀ።

«ሽማግሌውን ወጋሽ፤ ምንም አላልኩሽም። ዛሬ ደግሞ እኔን ከነነፍሴ ቀበርሽኝ። ከዚያ ማዶ ምን ነበር የሚያስተምሩሽ?» መልስ አልጠበቀም። በሩን በእግሩ ሳይሆን በእጁ፣ ቀስ አድርጎ ዘጋው፤ ያ የባሰ ነበር።

ወደ ቁልፉ ጥግ ሄድኩ። ጋሼ ሜትር መቀሳቸውን በዘይት ጨርቅ እየጠቀለሉ ነበር።

«ሰምተዋል?» አልኩ።

«መስታወት ነው፤ ግንብ አይደለም።»

«ወደ ጠረጴዛዎ ይመለሱ። ልክ ነበሩ።»

«አልነበርኩም። አሳከከኝ ያልኩት ውሸት ነው። ይኼ አንገት ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው።» ጥቅሉን በክር አሰሩት። «የነገረኝ ዓይኔ ነው። ካውያው ጨርቁ ላይ ሲያርፍ ጭሱ ያቃጥለዋል። ያንቺንም አቃጥሎት የለ?»

«አቃጥሎኛል።»

«ያለፈው ዓመቱም አቃጥሎኝ ነበር። አንገቴ ግን ዝም አለ፤ አንገቴን አመንኩ።»

«ታዲያ ዘንድሮ ለምን ዓይኔ ነው አላሉም?»

«ሠላሳ ዓመት አንገት ብዬ ያስለመድኳቸውን ሰዎች? ዓይኔን አቃጠለኝ ብል አርጅቷል ነው የሚሉኝ።» ቀና ብለው አዩኝ፤ ከስፒሏ ወዲህ ገና አሁን ነው። «አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ አንቺ ብትጠይቂኝ ኖሮ እነግርሽ ነበር። በምን አወቁ ብትይኝ። አንዲት ጥያቄ ነበረች። አንቺ ስፒል ላክሽብኝ።»

«ጋሼ…»

«ይቅርታ ልትይኝ ከሆነ ተይው። ስፒል ደብቆ ከሚያለብስ ሰው ጋር አንድ ጣራ ሥር ጎንበስ ብዬ አልቆርጥም። ልቁረጥ ብልም ማጅራቴ አይነግረኝም፤ ራስሽ አሳይተሻቸዋል።»

ጥቅሉን በብብታቸው ይዘው፣ ሜትሩ አንገታቸው ላይ እንዳለ ወጡ። ተኳሿ እስከ በር ሸኘቻቸው። ወንድሜ ቢሮው ውስጥ ቁጭ ብሎ ነበር፤ አልተነሳም።

ማጠቡ በማግስቱ ጀመረ። ጣቃዎቹ ከጓሮ በገመድ ላይ እንደ ባንዲራ ተሰቀሉ፤ ቀለማቸው ፈዘዝ አለ፤ በየሜትሩ አራት ጣት ያህል ተሰበሰቡ። ሴቶቹ እጃቸው ነጭ እስኪሆን አጠቡ፤ አንዳቸውም አላናገሩኝም። እኔም አጠብኩ። የማጥብበት በርሜል ጋ ስደርስ ወደ ሌላው ይሄዳሉ።

በአራተኛው ቀን የመጀመሪያው ጣቃ ደረቀ። ጠዋት ስገባ ተኳሿ ከእሱ የተሰፋ ኮሌታ ይዛ ቆማ ጠበቀችኝ። ሁሉም እያየ፣ እጥፋቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በሁለት ጣቷ እየተጫነች ዳበሰችው። ገለበጠችው፤ ደግማ ዳበሰችው።

«የለበትም» አለችና ዘረጋችልኝ።

ተቀበልኳት። ላምናት ፈልጌ ነበር። አንገቴ ገና አልዳነም፤ ከጆሮዬ ሥር ተልጧል። ጣቴ ግን ሳላዘው እጥፋቱን ይዞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደ።

«አዎ» አለች ተኳሿ። «እንዲያ ነው እንግዲህ።»

አሰርኩት፤ ካውያው አጠገብ ሄጄ ቆምኩ።